ስለ ሐይቅ ስም አመጣጥና ስለ ዳርቻው ጥበቃ

ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ባሕር ሐይቅ ተብሎ ይጠራል። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ውሃው የተለየ ስም ሳይወጣለት በወል ስሙ የቀረ ይመስለዋል። በግዕዝ ግን ሐይቅ ማለት የባሕር ዳር፥ የውሃ ዳርቻ ማለት ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም በዚሁ ባሕር ዳር ስለ ሆነ፥ ስሙ መጀመሪያ የዳርቻው፥ ኋላም የውሃውና የከተማው ሆኖ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ትርጓሜ ለእርሻ ሹም ከንቱ ዕውቀት አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1978 ዓመት ወደ ባሕሩ የገባው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የሚራባው ጥልቀት በሌለው በዳርቻው ውሃ ነው፤ ወንዱ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል፥ ሴቲቱም እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ስለዚህ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ሲታረስ ጎርፍ የሚያወርደው አፈር ጎጆውን ይደፍነዋል፤ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ በዳር ሲጎተትም ጫጩቱ ሳያድግ ያልቃል።

መሬት የጠበበው ገበሬ ዳሩን ቢያርስ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የዓሣ አጥማጁም እንጀራ ከዚያው ዳር ነው። ስለዚህ በየወረዳው ያላችሁ ሹማምንት ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ጋራ ተማክራችሁ፥ የማይታረስና መረብ የማይጣልበት ዳርቻ በምልክት እንድትለዩ ይገባል። ለገበሬውም የዳሩን ሣር አጭዶ የመውሰድ መብት ይሰጠው። ስሙ ዳርቻ ማለት የሆነ ባሕር ዳርቻውን ሲያጣ ዝም ብሎ ማየት ለሹም አይገባም።