ይድረስ ለአሶሳው የዩኒቨርሲቲ ምደባዬ

ውድ ምደባዬ፣

ውጭ አገር ተምረው የመጡ ጓደኞቼ ሲገናኙ ጨዋታቸው ስለ ዶርም ጓደኞቻቸውና በቡድን ሆነው ስለጎበኟቸው ጎረቤት አገሮች ነው። አውሮፓውያን ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤራስመስ በሚሉት ፕሮግራም ልጆቻቸውን አንዱ በሌላው አገር እንዲማር ይልካሉ። እኔ ፓስፖርት ሳላወጣ ያንን ሁሉ ያገኘሁት ካንተ ነው። ይህን ሳልነግርህ ብዙ ዓመት አለፈ። ዛሬ ግን ዕዳዬን አንድ በአንድ ልቁጠርልህ።

መጀመሪያ ስለ መንገዱ አመሰግንሃለሁ። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ አንተ እስክትመጣ ድረስ ከአምቦ ወዲያ አልፌ አላውቅም ነበር። አንሶላ፣ ብርድ ልብስና የትራስ ጨርቅ ይዛችሁ ኑ የሚለውን ማስታወቂያ አንብበን፣ ጉርድ ፎቶግራፋችንን በፖስታ አድርገን፣ ከ650 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የምዕራብ መንገድ ተያያዝነው። ባኮ፣ ነቀምት፣ ጊምቢ፣ መንዲ፣ ባምባሲ። ነቀምት ባደርንበት ሌሊት ስም ለስም እንኳ በቅጡ የማንተዋወቅ ፍሬሽማኖች የየእናቶቻችንን ዳቦ ቆሎ አንድ ላይ ዘርግፈን በላን። ከዚያች ሌሊት ጓደኞቼ አንዱ ዛሬ የልጄ ክርስትና አባት ነው።

ቀጥሎ ስለ ዶርሙ። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ያኔ ገና አዲስ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ግንባታው አላለቀም። በተደራረቡት አልጋዎች ላይ ከጅግጅጋ፣ ከሆሳዕና፣ ከደሴና ከዚያው አካባቢ ከመንጌ የመጣን ልጆች ተኛን። በ2007 ዓ.ም. ረመዳን ከሰኔ ጾም ጋር ገጠመ። የፈተና ሰሞን ነበርና ለስሁር የሚነሱት ልጆች እኔን ለጥናት ይቀሰቅሱኝ ነበር፤ ማታ ደግሞ እነሱ እስኪያፈጥሩ ድረስ ማናችንም እራት አንነካም። እንዲህ አድርጉ ያለን ሰው የለም። በሃይማኖት ስለ መከባበር ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ እኔ የተማርኩት ግን ከዚያ ክፍል ነው።

የመንጌው ልጅ ቤተሰብ ዘንድ የበላሁትን ደግሞ እንዴት እረሳዋለሁ? እናቱ በርታኛና ዓረብኛ እንጂ አማርኛ ብዙም አይችሉም። የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር አቀረቡልን፤ ገና ሳልጨርስ ልጃቸውን አስተርጉም ሳይሉ ጨመሩልኝ። በዚያው ሰሞን ዋዛ ሲነፋ ሰማሁ። ከቅል የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማው የሚወጣው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲገባበት ነው። ከነፊዎቹ መካከል ገብቼ አንዱን ለመንፋት ሞከርኩ፤ ሽማግሌዎቹ በትዕግሥት አስተማሩኝ። በሽጎሌ ሰፈር በታክሲ እየተመላለስኩ ላደግኩት ልጅ፣ ሰፈሩ በስማቸው የተጠራው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን የአሶሳ ገዥ እንደነበሩና በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት እንዳሠሩ ያጫወቱኝም እነሱ ናቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ዕዳዬ ግን የኩርሙክ ጉዞ ነው። አይሱዙ ተሳፍረን፣ በአቧራ ነጥተን ደረስን። ከኩርሙክ ማዶ ሌላ ኩርሙክ አለ፤ ያኛው የሱዳን ነው። በመካከላቸው በበጋ የሚደርቅ ወንዝ አለ። ወዲህም ወዲያም ያሉት በርታዎች ዘመዳሞች ናቸው። እኛ አልተሻገርንም፤ ሻያችንን እየጠጣን ማዶውን ስናይ የመንጌው ልጅ አክስቱ የምትኖርበትን ሰፈር በጣቱ አሳየን። ክፍላችን ውስጥ ከሸርቆሌ መጠለያ ጣቢያ የመጣ ደቡብ ሱዳናዊ ተማሪም ነበር። ጎረቤት አገር ለእኔ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰው ሆነ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ፈንድቶ ስደተኞች በኩርሙክ በኩል ገቡ ሲባል፣ ዜናውን ያነበብኩት የዚያችን አክስት ደኅንነት እየጠየቅኩ ነው።

የሕዳሴው ግድብ ወደሚሠራበት ወደ ጉባም ወስደኸናል። ግንቦት 2005 ዓ.ም. ዓባይ ከተለመደው መፋሰሻው ዞሮ ስለነበር ወንዙ በሌላ በኩል ሲወርድ፣ በነባሩ ቦታ ላይ ኮንክሪት ሲሞላ አየን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ የዶርማችን ልጆች ሁሉ ጉባ ሄደን የተነሳነውን ፎቶ ተላላክን።

ታላላቆችህንም ላመስግን። በ1950 ዓ.ም. በአክራው የነፃ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 ነፃ የትምህርት ዕድል ለመስጠት ቃል ገባች። በዚያ ዕድል የመጡት ልጆች ከእኛ ተማሪዎች ጋር አብረው ሲኖሩና ሲከራከሩ ስለ አፍሪካ ያለንን አስተያየት ለወጡት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የመጣው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ላከው። አንተ የእነዚህ ታናሽ ነህ።

ከእኔ በኋላ የተመደቡት ልጆች የገጠማቸውን አውቃለሁ። የወለጋው መንገድ የተዘጋበት፣ መተከል በደም የታጠበበት ጊዜ መጣ። ልጄን ከቤቴ አታርቁብኝ የሚል ወላጅ ቢበዛ አልፈርድበትም፤ በስጋት የተማረ ልጅ እኔ ያየሁትን ማየት አይችልም። ሰላም ከሌለ አንተም የለህም። ለዚህ ነው አንተን ማመስገን ለእኔ ሰላምን መለመን የሆነው።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች። እህቴ ቅርብ እንዲደርሳት ትሳላለች፤ እኔ ደግሞ መንገዱ ደኅና ይሁን እንጂ ሩቅ ይድረሳት እላለሁ። የመንጌው ጓደኛዬ አሁን አስተማሪ ነው። አሶሳ ከደረሳት መናኸሪያ መጥቶ ሊቀበላት፣ የማንጎ ወቅት ሲደርስም እናቱ ቤት ሊወስዳት ቃል ገብቶልኛል። ስልክ ቁጥሩን ሰጥቻታለሁ።

አክባሪህ፣
የቀድሞ ተማሪህ