መሬቱ የእኔ፣ አጋዘኑ የማን? በአሜሪካ በሌላ ግዛት የሚኖሩ ባለመሬቶችና የአደን ፈቃድ ዋጋ

በአሜሪካ አንድ ሰው ከሚኖርበት ግዛት ውጭ የእርሻ መሬት ወይም ደን ገዝቶ፣ የንብረት ግብሩን በየዓመቱ እየከፈለና አጥሩን እያደሰ፣ በዚያው መሬት ላይ የሚግጠውን አጋዘን ለማደን ግን ጎረቤቱ ከሚከፍለው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ገንዘብ ሊጠየቅ ይችላል። በአንዳንድ ግዛቶችማ ገንዘቡን ይዞ ቢቀርብም ዕጣ ካልወጣለት ፈቃዱን አያገኝም። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲታይ የጥቂት ባለሀብቶች የመዝናኛ ቅሬታ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን የንብረት መብት እስከ የት እንደሚደርስ፣ የተፈጥሮ ሀብት የማን እንደሆነና አንድ ፌዴራላዊ አገር ዜጎቹን በመኖሪያ ግዛታቸው ምን ያህል ለይቶ ሊያይ እንደሚችል የሚጠይቅ ክርክር ነው።

የክርክሩ ሥር ያለው ከአውሮፓ በተለየ የሕግ ልማድ ውስጥ ነው። በጀርመን የማደን መብት ከመሬት ባለቤትነት ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካውያን በአንጻሩ የዱር እንስሳት የሕዝብ ሀብት ናቸው፤ ግዛቱም ስለ ሕዝቡ በአደራ ይጠብቃቸዋል የሚለውን መርህ ይዘዋል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1896 ግዛቶችን የዱር እንስሳት ባለቤት አድርጎ የወሰነ ሲሆን፣ በ1979 ይህን ፍርድ ሽሮታል። ይሁን እንጂ ግዛቶች እንስሳቱን የመጠበቅና አደንን የመቆጣጠር ሥልጣናቸው አልተነካም። ስለሆነም መሬት የገዛ ሰው ሣሩን፣ ዛፉንና አፈሩን ገዛ እንጂ በላዩ የሚያልፈውን አጋዘን አልገዛም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ በሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ለተደነገገበት ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ልዩ ትኩረት ይስባል። የግል መሬት ባለቤትነት እጅግ በተከበረበት አገር እንኳ ባለቤትነቱ ወሰን አለውና።

የዋጋ ልዩነቱን ሕጋዊ መሠረት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1978 በሞንታና ግዛት ጉዳይ ላይ የተሰጠው ፍርድ ነው። በ1975 የሞንታና ነዋሪ ኤልክ የተባለውን ትልቅ የአጋዘን ዝርያ ለማደን 4 ዶላር ይከፍል ነበር። ከሌላ ግዛት የመጣው አዳኝ ግን ኤልክንና ሌሎች እንስሳትን አንድ ላይ የያዘ ፈቃድ በ151 ዶላር እንዲገዛ ይገደድ ነበር። በተከታዩ ዓመት የነዋሪው ክፍያ 9 ዶላር፣ የእንግዳው ደግሞ 225 ዶላር ሆነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ልዩነቱን አጸደቀ። የአብላጫውን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ብላክመን ሕገ መንግሥቱ ግዛቶች የሌላ ግዛት ዜጎችን በእኩልነት እንዲያዩ የሚያስገድደው ለኑሮና ለአገሪቱ አንድነት መሠረታዊ በሆኑ ጉዳዮች እንደሆነ፣ ለመዝናናት የሚደረግ አደን ግን ከእነዚህ እንደማይቆጠር ወሰኑ። ዳኛ ብሬናን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በልዩነት ቆመዋል።

ከዚያ 30 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1948፣ ያው ፍርድ ቤት ሳውዝ ካሮላይና ለነዋሪ ሽሪምፕ አጥማጅ 25 ዶላር፣ ለእንግዳው 2,500 ዶላር ያስከፈለችበትን ሕግ ሽሮ ነበር። የሁለቱ ጉዳዮች ልዩነት ግልጽ ነው፤ አንዱ እንጀራ ነው፣ ሌላው መዝናኛ።

እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አሪዞና ለእንግዶች የምትሰጠውን የተወሰኑ እንስሳት የአደን ፈቃድ በ10 በመቶ መገደቧ ከግዛቶች የእርስ በርስ ንግድ ነጻነት አንጻር በጥብቅ እንዲመረመር ሲወስን፣ ያለቀ የመሰለው ክርክር እንደገና ተነሣ። ኮንግረሱ ግን በ2005 ግዛቶች ነዋሪንና እንግዳን ለይተው አደንን የመቆጣጠር መብት እንዳላቸው በሕግ በማረጋገጥ በሩን ዘጋው። በ2006 የኖርዝ ዳኮታ ሕግ ሲፈተንም ውጤቱ ከዚህ አልወጣም። በዚያ ግዛት ነዋሪ የሆነ ባለመሬት በገዛ መሬቱ ትንንሽ የአደን እንስሳትን ያለ ፈቃድ እንዲያድን ሲፈቀድለት፣ በሌላ ግዛት የሚኖር ባለመሬት ይህ ዕድል አልነበረውም። የጎረቤቷ የሚኒሶታ ዐቃቤ ሕግ ጭምር የተሳተፉበት ክስ ውድቅ ሆነ። ከዚህ በኋላ የባለመሬቶቹ ጥያቄ ከፍርድ ቤት ይልቅ በየግዛቱ ምክር ቤት የሚወሰን ሆነ። በዚያ ምክር ቤት ምርጫ ላይ ደግሞ በሌላ ግዛት የሚኖረው ባለመሬት ድምፅ የለውም።

ግዛቶቹ ልዩነቱን አጥብቀው የሚይዙበት ምክንያት ከገንዘብ ጋር የተሳሰረ ነው። የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶቻቸው በአብዛኛው የሚተዳደሩት ከፈቃድ ሽያጭና እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው የፒትማን-ሮበርትሰን ሕግ መሠረት ከጦር መሣሪያና ከጥይት ከሚሰበሰበው የኤክሳይዝ ታክስ ነው። ከዚህ ታክስ ለግዛቶች የሚከፋፈለው ገንዘብ የሚሰላው ግማሹ በቆዳ ስፋታቸው፣ ግማሹ ፈቃድ ባላቸው አዳኞች ብዛት ነው። በሞንታና ዛሬ የነዋሪው የኤልክ ፈቃድ 20 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ የእንግዳው ጥምር ፈቃድ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ቁጥሩም በ17,000 የተገደበ ነው፤ ይህም በ1976 የነበረው ጣሪያ መሆኑ ልብ ይሏል። ለነዋሪው ዋጋ መጨመር ድምፅ ያሳጣል፤ ለእንግዳው መጨመር ግን ለፖለቲከኛ ምንም አያስከፍልም።

ባለመሬቶቹን በተመለከተ ግዛቶች የተለያየ መንገድ ይዘዋል። ኦሃዮ በሌላ ግዛት የሚኖረውን ባለመሬት ከፈቃድ ነጻ የምታደርገው የሰውየው ግዛት ለኦሃዮ ሰዎች ተመሳሳይ መብት ከሰጠ ብቻ ነው። ካንሳስ 80 ኤከር፣ ሚዙሪ ደግሞ 75 ኤከር ላላቸው እንግዳ ባለመሬቶች በቅናሽ የአጋዘን ፈቃድ ትሰጣለች (1 ኤከር 0.4 ሄክታር ገደማ ነው)። ዋዮሚንግ ቢያንስ 160 ኤከር ኖሮት እንስሳቱን በሚመግብ መሬት ባለቤት ለሆነ ሁሉ፣ የትም ይኑር የት፣ የባለመሬት ፈቃድ እንዲጠይቅ ትፈቅዳለች፤ ክፍያው ግን የእንግዳ ነው። አዮዋ ለነዋሪ ገበሬ የአጋዘን ፈቃድ በነጻ ስትሰጥ፣ በሌላ ግዛት የሚኖሩ ባለመሬቶች ለረጅም ዓመታት በ6,000 ለተገደበው ፈቃድ ከሌሎች እንግዶች ጋር ዕጣ ሲጠብቁ ኖረዋል። ሞንታናም በ2023 ባወጣችው ሕግ ቢያንስ 2,500 ኤከር ላላቸው እንግዶች በገዛ መሬታቸው ላይ ብቻ የሚያገለግል ፈቃድ በቅድሚያ እንዲያገኙ አድርጋለች።

የነዋሪዎቹ ስጋት ቀላል አይደለም። ከሩቅ የመጣ ገንዘብ የእርሻ መሬት ዋጋን እንደሚያንር፣ ቀድሞ ጎረቤት በቃል ፈቃድ ያድንበት የነበረው መስክም በአጥርና በማስጠንቀቂያ ሰሌዳ እንደሚዘጋ ይናገራሉ። በዋዮሚንግ በሌላ ግዛት የሚኖሩ አንድ ባለሀብት፣ ከሚዙሪ የመጡ አራት አዳኞች በሁለት የመንግሥት መሬቶች ማዕዘን በኩል ሲሻገሩ በመሬታቸው አየር ላይ አልፈዋል ብለው ያቀረቡት ክስ የዚህ ፍጥጫ ምሳሌ ነው። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በመጋቢት 2025 ለአዳኞቹ ፈረደ።

ይሁንና የባለመሬቶቹም ክርክር ሚዛን አለው። እንስሳቱ ክረምቱን የሚያልፉት ለሕዝብ ክፍት በሆነ መሬት ብቻ አይደለም፤ የግል ማሳ ላይም ይግጣሉ፣ ሰብል ይበላሉ፣ አጥር ይሰብራሉ። ከእንስሳቱ ጥቅም የማይደርሰው ባለመሬት መኖሪያቸውን ለመጠበቅ ያለው ፍላጎት ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ጉዳቱም ዞሮ ዞሮ ለነዋሪው አዳኝ ይተርፋል።

በዚህ ጸሐፊ እምነት የአሁኑ አሠራር ዋነኛ ጉድለት ውድነቱ ብቻ አይደለም። ሕጎቹ ሁለት በጣም የተለያዩ ሰዎችን በአንድ ስም መጥራታቸው ነው። አንዱ ሺህ ኤከሮችን ለመዝናኛ የገዛ ባለሀብት ነው፤ ለእርሱ 1,000 ዶላር ከቁም ነገር አይገባም። ሌላው በሥራ ፍለጋ ከትውልድ ግዛቱ ወጥቶ ከአባቱ የወረሰውን 40 ኤከር ላለመሸጥ የሚታገል፣ ልጆቹን በዓመት አንድ ጊዜ ወደዚያ የሚወስድ ደመወዝተኛ ነው። የዋጋው ክብደት የሚያርፈው በሁለተኛው ላይ ነው። ከፍተኛ የኤከር መነሻ የሚያስቀምጡ ማሻሻያዎችም እፎይታውን የሚሰጡት እፎይታ ለማያስፈልገው ነው።

እንስሳቱ የሕዝብ አደራ ናቸው የሚለው መርህ መጠበቁ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በገዛ መሬት ላይ ብቻ የሚያገለግል፣ ለሌላ የማይተላለፍና የማይሸጥ፣ ለትንሹ ባለመሬትም የሚደርስ በመጠነኛ ዋጋ የሚሰጥ ፈቃድ መርሁን አይጥስም። ካንሳስና ሚዙሪ የዚህን ፈለግ ጅማሮ አሳይተዋል። ሌሎቹ ግዛቶች ይከተሏቸው እንደሆነ የሚወስኑት ግን ከውሳኔው ዋጋ አንዳች የማይከፍሉት መራጮች ናቸው።