ነጩ ወር፤ የሞንጎሊያ ቤተ ሰብ የዘመን መለወጫ

የአንድ ሕዝብ ጠባይ ከሚታወቅበት ነገር አንደኛው፥ ዘመን በሚለወጥበት ቀን ታናሽ ለታላቁ የሚያቀርበው አክብሮት ነው። ስለዚህ በእስያ ያለው የሞንጎሊያ ሕዝብ ይህን ቀን እንዴት እንዲያከብር ዛሬ በጥቂቱ እንገልጻለን።

በዓሉ በቋንቋቸው ጻጋን ሳር ይባላል፤ ትርጓሜውም ነጭ ወር ማለት ነው። በጨረቃ ቍጥር ስለሚወጣ ቀኑ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ የሚውለውም ክረምታቸው ሊያልፍ ሲል ነው። የቬኒስ ሰው ማርኮ ፖሎ፥ በ13ኛው መቶ ዓመት በኩብላይ ካን ዘመን ሰው ኹሉ ነጭ ለብሶ ያከብረው እንደ ነበር ጽፏል።

ቢቱን በሚሉት ዋዜማ ቤት ይጠረጋል፤ ዕዳም ይከፈላል። ማታ ኹሉም እስኪጠግብ ይበላል፤ በዚያች ሌሊት የተራበ ዓመቱን ሲራብ ይኖራል ይላሉና። ማዕዱም የበግ ጀርባ ከነላቱ፥ ቡዝ የሚሉት ሥጋ በሊጥ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለ ምግብ፥ ወተት የገባበትም ሻይ ነው። ረዣዥም ዳቦ በሳሕን ላይ ይደረደራል፤ ለአያቶች 7፥ ለወላጆች 5፥ ለአዲስ ተጋቢዎች 3 ደርብ ነው። አንዱ ደርብ ደስታ፥ ተከታዩ ኀዘን ተብሎ ስለሚቈጠር፥ በጎዶሎ ቍጥር ሲደረደር መጨረሻው ደስታ ይኾናል።

በማለዳ ታናሹ መዳፎቹን ወደ ላይ ዘርግቶ የታላቁን ክንዶች ከበታች ይደግፋል፤ በእርጅናዎ ጊዜ እደግፍዎታለሁ ማለቱ ነው። ባልና ሚስት ግን እንደ አንድ ሰው ስለሚቈጠሩ ይህን ሰላምታ እርስ በርሳቸው አያደርጉም። ከዚያ በኋላ ወንዶቹ የሱረት ብልቃጥ እየተለዋወጡ፥ ከብቱ ክረምቱን በደኅና አለፈን? ተባብለው ይጠያየቃሉ። ይህ ጥያቄ ለወግ ያህል ብቻ የሚባል አይደለም፤ ዙድ የሚሉት ብርቱ ክረምት በመጣ ጊዜ የአንድ ቤት ሀብት ኹሉ በብርድና በራብ ያልቃልና።

በኮሙኒስት መንግሥት ዘመን በዓሉ የድሮ ልማድ ነው ተብሎ ተነቅፎ ስሙ የእረኞች ማኅበር ቀን ተባለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1990 መንግሥቱ ከተለወጠ በኋላ ግን ወደ ቀድሞ ክብሩ ተመለሰ። በ2020 ደግሞ ስለ ኮሮና በሽታ መንግሥት በዓሉን ከለከለ፤ መንገድም ስለ ተዘጋ ብዙ ልጆች የወላጆቻቸውን ክንድ ሳይደግፉ ቀሩ።

በዛሬው ጊዜ ግን ሌላ ችግር አለ። ለእንግዳ ኹሉ ስጦታ መስጠት ግድ ስለ ኾነ፥ ብዙ ሰዎች ከዐቅማቸው በላይ ያወጣሉ፤ ዕዳ በሚከፈልበት ዋዜማ አዲስ ዕዳ ይገባሉ። አስተዋይ የቤት አባትና እመቤት ግን ይህን ያውቃሉ፤ ሽማግሌን የሚያስደስተው የስጦታው ብዛት ሳይኾን፥ ክንዱን የሚደግፈው ልጅ መምጣቱ ነው።