ዊዛርዱ ወጣ፣ ሬንጀሩስ?

«አስማት የማይበዛበት የመካከለኛው ዘመን ጌም» ብላችሁ ዊዛርዱን ብቻ የምትሰርዙ፣ ተሸውዳችኋል። እንደኔ ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይሄ በተኑን ደብቆ ፈንክሽኑን መተው ነው። በ2014ቱ ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሬንጀሩ ተራ አዳኝ ይመስላል፤ ግን ገና ሌቭል 2 ላይ «ጉድቤሪ» የሚባል አስማት መያዝ ይችላል። አንዴ ሲጠራው 10 ፍሬ፣ እያንዳንዷ የአንድ ሰው የቀን ቀለብ!

አንዴ የተከበበ ምሽግ ጌም ስመራ እህል አለቀ። በሩ ይከፈት አይከፈት ብለው ጓደኞቼ ከልባቸው እየተጨቃጨቁ አንዱ «ጉድቤሪ አለኝ» አለ። ረሃቡም ጭቅጭቁም እዚያው ሞተ። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ ክላሱን የፈቀድኩት እኔ ነኝ።

«ታዲያ ሁላችንም ፋይተር እንሁን?» አትበሉኝ። አድቬንቸርስ ኢን ሚድል ኧርዝ ስድስት ክላሶች አሉት፣ አንዱም አስማተኛ አይደለም፤ ምሁሩ ቁስል የሚያክመው በሙያው ነው።