አገር ማን አቀና? ግብሩንስ ማን ከፈለ?

በአንድ ግሥ ተጣልተን ሰነበትን። ግማሹ ተማሪ «ዓምደ ጽዮን አገር አቀና» ይላል፤ ግማሹ «ወረረን» ይላል። በዶርሙም፣ በሻይ ቤቱም፣ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃም ክርክሩ ያው ነው። አንዱ ደረቱን ይነፋል፣ ሌላው ዕዳ ይቆጥራል። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች ታሪኩን ከንጉሡ ድንኳን ውስጥ ሆነው ነው የሚያዩት እንላለን።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዓምደ ጽዮን ከ1314 እስከ 1344 ነገሠ። በ1316 እና በ1317 ዳሞትንና ሐድያን አስገበረ። የዳሞቱን ድል በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወንጌል ላይ አስመዝግቦታል። በ1332 ደግሞ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን ተነሣበት፤ ዘመቻው እስከ ቆላው ምሥራቅ ዘለቀ። በግዕዝ የተጻፈው ዜና መዋዕል ሰብረዲን አብያተ ክርስቲያናትን መስጊድ ሊያደርግ፣ በንጉሡ ከተማ በማራዴም ጫት ሊተክል ዛተ ይለናል። ይህን ያነበበ የሃይማኖት ጦርነት ነው ቢል አይፈረድበትም።

ኧረ ለመሆኑ ሰብረዲን ከተያዘ በኋላ ይፋት ላይ ማን ተሾመ? የገዛ ወንድሙ ጀማልዲን! ያው ቤት፣ ያው ሃይማኖት፣ ያው ወንበር። ይህ ደግሞ የአንድ ቀን ውሳኔ አልነበረም። የዚያው ዘመን ዐረባዊ ጸሐፊ አል ዑመሪ ሰባት የእስላም መንግሥታትን ይዘረዝራል፤ ይፋት፣ ደዋሮ፣ ሐድያና ባሊ ከነዚያው ናቸው። አንዱ ገዥ ሲሞት ወራሾቹ እጅ መንሻ ይዘው ወደ አማራው ንጉሥ ይሄዳሉ፤ ንጉሡም የፈቀደውን ይሾማል። በየዓመቱ የሐር ጨርቅ ይገባለታል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራትም በ1972 ባሳተሙት መጽሐፍ ጦርነቱን ከዘይላ የንግድ መንገድ ጋር አያይዘው ጽፈውታል። እንግዲህ ባንዲራው ሃይማኖት ይሁን እንጂ የጠቡ መነሻ መንገዱና ግብሩ ነበር።

የአማርኛችን ነገር ይገርማል። ገበሬው የሚከፍለውም ግብር ነው፣ በቤተ መንግሥት የሚበላውም ግብር ነው። አንዱ ያገባል፣ ሌላው ይበላል፣ ቃሉ ግን አንድ ነው። «አቀና» እና «ወረረ» እያልን ስንነታረክ ይህችን ቃል ረሳናት።

አሁን ደግሞ ለሁለቱም ወገን የማይመች ነገር እንጨምር። በዚያው በ1332 ንጉሡ ወደ ሰሜን፣ በስሜንና በወገራ፣ በጸለምትና በጸገዴ የሸፈቱትን እንዲወጋ የላከው ጦር ከየት ነበር? ዜና መዋዕሉ ከጭፍሮቹ መካከል የዳሞትንና የሐድያን ስም ይጠራል። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተሸነፈ አገር ልጅ ጋሻ ተሸክሞ ሌላውን ሊያስገብር ተላከ ማለት ነው። ታዲያ ይኼን ወታደር ከየትኛው ሰልፍ ልናቆመው ነው? ከአቅኚው ወይስ ከተወረረው?

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። የፖላንዱ መስፍን ቦሌስላቭ ሣልሳዊ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ጎረቤቱን ፖሜራኒያን ወግቶ አስገብሯል። የአገሬው መስፍን ዋርቲስላቭ ግን ብር እየከፈለ፣ ክርስትናውን እየተቀበለ ወንበሩ ላይ ቆየ። ድሉን ያወደሰው ጸሐፊ ስሙ አልታወቀም፤ የእኛም ዜና መዋዕል ጸሐፊ እንዲሁ። የሁለቱም ብዕር ያደረው ለጌታው ነበር።

«እንግዲያው ማንም አልተበደለም ልትሉን ነው?» የሚለን ይኖራል። የለም! ሐድያ ታላቅ ታናሽ፣ ወንድ ሴት ሳይባል መፍለሱን ዜና መዋዕሉ ራሱ በኩራት ይተርካል። የታረደውን፣ የተማረከውን፣ የተነዳውን ከብት ይቆጥራል። ይህን ሸፍኖ «አቀና» ማለት ውሸት ነው። ግን ያንን ደም ዛሬ አብሮን በሚማር ልጅ ራስ ላይ መፈለግም ሌላ ውሸት ነው።

ኮልፌ ቀራንዮ ላደግን ማስረጃው ደጃችን ነው። ከአየር ጤና እስከ አጠና ተራ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ሐድያው፣ ኦሮሞው፣ አማራው በአንድ አጥር ይዋሰናል፣ በአንድ ዕድር ይቀብራል። «የአቅኚ ልጅ በቀኝ፣ የተወራሪ ልጅ በግራ ቁም» ቢባል ሰፈሩ ግማሹ መሐል ላይ ይቀራል። የቤት ኪራይ ሲጨምር አከራዩ የተከራዩን ቅድመ አያት አይጠይቅም።

ነገሩ የወረቀት ጨዋታ አይምሰለን። በ2019 በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በተነሣ ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል። ዓምደ ጽዮን ያንን ጠብ አላስነሣም፤ ግን «እኛ» እና «እናንተ» የሚለውን ስለት በየቀኑ የምንስለው በእንዲህ ያለው ክርክር ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ዜና መዋዕሉን እናንብበው፤ አል ዑመሪንም ከጎኑ እናስቀምጥ። በየገጹ ማን ከፈለ፣ ማን በላ ብለን እንጠይቅ። ንጉሡን ማወደስም ሆነ በንጉሡ ስም መካሰስ ለቤተ መንግሥት ጸሐፊ ይብቃ። የተማሪ ሥራ ዜና መዋዕሉ ስማቸውን ያልጻፈላቸውን ገባሮች መፈለግ ነው።