የእናት ማሳ፣ የአጎት ፊርማ

ሲጁንጁንግ ውስጥ ባልና ሚስት ቢፋቱ ልብሱን ሸክፎ የሚወጣው ባል ነው። ቤቱ የሚስቱ ነው፤ የእሷ ብቻም አይደለም፣ የእናቷ፣ የእህቶቿና የአክስቶቿም ጭምር ነው። የሩዝ ማሳውም እንደዚያው። ባል በአገሩ ወግ የተከበረ እንግዳ ነው። ድሮ ማታ መጥቶ ያድር፣ ጠዋት ወደ እናቱ ወገን ማሳ ይሄድ ነበር።

መንደሩ ያለው በኢንዶኔዥያ፣ በምዕራብ ሱማትራ ተራሮች ውስጥ ነው። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ከ70 በላይ ትልልቅ የእንጨት ቤቶች ተደርድረውበታል፤ የጣሪያቸው ጫፍ እንደ ጎሽ ቀንድ ሽቅብ የሾለ ነው። ሩማህ ጋዳንግ ይሏቸዋል፣ ትልቅ ቤት እንደ ማለት። ሰዎቹ ሚናንግካባው ናቸው። በ2010 የሕዝብ ቆጠራ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ቁጥራቸው 6 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነበር። ዘርን በእናት ከሚቆጥሩ ሕዝቦች መካከል በብዛት የሚወዳደራቸው በዓለም ላይ የለም።

ስለ እነዚህ ሰዎች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «የሴቶች መንግሥት» በሚል ግርምት ይጀመርና እዚያው ያበቃል። እኔ ግን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ንብረት እስካሁን ሳይሸጥ እንዴት ቆየ?

መልሱ ከቅድመ አያት በወረደውና ራስ ሠርቶ ባፈራው መካከል ባሰመሩት ድንበር ላይ ነው። የወረደው ማሳና ቤት የወገኑ ሁሉ ነው፤ ከእናት ወደ ሴት ልጅ እየተላለፈ ይታረሳል፣ ይኖርበታል፣ ግን አይሸጥም። ችግር ሲመጣ የሚፈቀደው መያዣ ማድረግ ብቻ ነው፤ እኛ ወለድ አገድ የምንለው ዓይነት። አበዳሪው ብሩ እስኪመለስለት ማሳውን ያርሳል፣ ሩዙን ይበላል፤ ወለዱ ያ ነው። እሱም ቢሆን እንደ ወጉ ለአራት ጉዳይ ብቻ ነው የሚፈቀደው፦ ቤት ውስጥ ሬሳ ተጋድሞ መቅበሪያ ሲጠፋ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ መዳሪያ ስታጣ፣ የትልቁ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ፣ የወገኑ አለቃ ሞቶ ተተኪው ሳይሾም ማዕረጉ ሲንጠለጠል። ለንግድ፣ ለሞተር ብስክሌት፣ ለልጅ ትምህርት የሚል የለበትም። በ1960 የወጣ የአገሪቱ ሕግ 7 ዓመትና ከዚያ በላይ በመያዣ የቆየ የእርሻ መሬት ያለ ክፍያ ለባለቤቱ ይመለስ ይላል። በልማዱ ግን ብር ሳይመለስ ማሳ አይመለስም።

የእኛን የድሮ ርስት የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በጎጃምና በጎንደር ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ስለነበር አንድ ሰው በአምስት አገር ዘር እየቆጠረ ሲሟገት ዕድሜውን ይጨርስ ነበር። ሚናንግካባዎችም ዘር ይቆጥራሉ፤ የዘር ሐረጉ ወረቀት ላይ ተስሎ፣ ሽማግሌዎች ፈርመውበት ዛሬም ለመሬት ምዝገባ ይቀርባል። እነሱ ግን የሚቆጥሩት በእናት በኩል ብቻ ነው። ሐረጉ ወደ ጎን አይበዛም፤ ማን የወገኑ እንደሆነና ማን እንዳልሆነ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ሙግት የለም ማለቴ አይደለም፣ ሞልቷል። ግን ባዕድ ገብቶ «እኔም አለኝ» የሚልበት ቀዳዳ ጠባብ ነው።

ዋጋውን የከፈሉት ወንዶቹ ናቸው። በትልቁ ቤት ውስጥ ጓዳ የሚሰጠው ለሴት ልጅ፣ ያውም ስታገባ ነው። ወንዱ ልጅ ከፍ ሲል ማደሪያው ሱራው ነበር፤ ቁርኣን የሚቀራበት፣ ትግል የሚማርበት፣ ከእኩዮቹ ጋር ምንጣፍ ላይ የሚተኛበት ትንሽ የጸሎት ቤት። ቀጥሎ ወደ ሰው አገር ይሰደዳል። ስደቱ ውርደት ሳይሆን ወግ ነው፤ ስሙም መራንታው ይባላል። ዛሬ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በየትኛውም ከተማ በምዕራብ ሱማትራ ዋና ከተማ በፓዳንግ ስም የሚጠራ ምግብ ቤት የማይታጣው የእነዚህ መሬት የሌላቸው ልጆች ዘር ስለተበተነ ነው። ሞሐመድ ሐታ፣ ሱታን ሻህሪር፣ ታን ማላካ፣ አጉስ ሳሊም፣ ማለትም የአገሪቱን ነፃነት ካዋለዱት ዋና ዋናዎቹ፣ ከዚሁ ከአንድ ጥግ ሕዝብ የወጡ ናቸው። መሬት ቢኖራቸው ኖሮ ስንቶቹ ገበሬ ሆነው በቀሩ ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

ሙስሊም አንባቢ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለው፤ ታዲያ የሸሪዓው የውርስ ድርሻ የት ገባ? ጥያቄው እነሱንም ሲያምስ ኖሯል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከመካ የተመለሱ ዑለማዎች ልማዱን ለማረም ተነሥተው ነገሩ ወደ ጦርነት አምርቷል፤ ቅኝ ገዢው ደች (ሆላንድ) ገብቶበት በ1837 ነው ያበቃው። ከዚያም በመካ የሻፊዒ ኢማም የነበሩት የአገሩ ተወላጅ አሕመድ ኸጢብ ወንድ ንብረቱን በልጆቹ ፈንታ ለእህቱ ልጆች ማውረሱን አጥብቀው ተቃወሙ። በ1952 የወግ አለቆችና ዑለማዎች ቡኪቲንጊ ከተማ ላይ ተሰብስበው ተስማሙ፦ ከቅድመ አያት የወረደው በወጉ ይሂድ፤ ሰው በላቡ ያገኘው ግን በሸሪዓው ለልጆቹ ይከፋፈል። ብልህ ስምምነት ነው። ከዚያ ወዲህ አባት ለልጆቹ የሚያወርሰው ነገር አገኘ፤ በገዛ ገንዘቡ የብሎኬት ቤት ሠርቶ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ገባ። ትልልቆቹ ቤቶች ባዶ እየቀሩ፣ ጣሪያቸው እየወየበ የመጣው ግን በዚሁ መንገድ ነው። የዘንባባው ጭረት በቆርቆሮ ተተክቷል፤ ለጥገና የወገኑ ሁሉ ስምምነትና መዋጮ ያስፈልጋል፣ ግማሹ ደግሞ ጃካርታ ነው።

መሬት የእኔ ነው ማለት ፍሬው የእኔ ነው ማለት እንዳልሆነ እነዚህ ተራራዎች ቀደም ብለው ያዩት ነገር ነው። ከ1847 ጀምሮ ደች በዚህ አገር ገበሬውን ቡና እንዲተክልና ለመንግሥት መጋዘን ብቻ፣ በተወሰነ ዋጋ እንዲያስረክብ አስገደደው፤ አገዛዙ እስከ 1908 ቆየ። ማሳው የእናቱ፣ ጉልበቱ የእሱ፣ ፍሬው የደች። ለገበሬው ቅጠሉ ተረፈው ይባላል። ዛሬም በምዕራብ ሱማትራ የተጠበሰ የቡና ቅጠል አፍልተው በኮኮናት ቅል ይጠጣሉ። ሐረር ቁጢ የጠጣ ሰው ጣዕሙን አያጣውም፤ ዛፉም ከኛ አገር የሄደ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። መሬቱ የሴቶቹ ነው፤ በወገኑ ስም የሚናገረው ግን ማማክ፣ የእናት ወንድም ነው። በሸንጎ የሚቀመጠው አጎት፣ ከመንግሥት ጋር የሚነጋገረው አጎት፣ ወረቀት ላይ የሚፈርመውም አጎት። አጎት የእህቱን ልጆች ማሳ የሚጠብቀው ራሱ ስለማይወርሰው ነው የሚል አለ፤ አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን እዚያው ምዕራብ ሱማትራ ውስጥ፣ በምዕራብ ፓሳማን የዘንባባ ዘይት ኩባንያዎች ሲመጡ የተፈራረሙት እነዚሁ አጎቶች፣ የወገን አለቆቹ ነበሩ። ካሣ ተቀበሉ፤ ሴቶቹን ብዙ ጊዜ የጠየቃቸው አልነበረም። መንደሩ እርሻው ሲያበቃ መሬቱ ይመለሳል ብሎ ነበር የሰጠው። በሕጉ ግን የኩባንያው የመጠቀም መብት ዘመኑ ሲያልቅ መሬቱ የሚመለሰው ለመንግሥት ነው። እንደ ሬሳና ሠርግ ላለ ጉዳይ ብቻ በመያዣ ይሰጥ የነበረ መሬት በአንድ ፊርማ ወጣ።

በ2013 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት የነባር ሕዝብ ደን የመንግሥት ደን አይደለም ብሎ ወሰነ። ደስ ይላል። ይሁንና ደኑ ለማኅበረሰቡ ሲመለስ ማኅበረሰቡን ወክሎ የሚቀርበው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ያው አጎት ነው። ችግሩን በእናት ዘር መቁጠሩ ላይ የሚያላክኩ አሉ፤ ኋላ ቀር ነው፣ ባንክ አይቀበለውም ይላሉ። አልስማማም። እስከ ዛሬ ማሳውን ያቆየው የእናቶቹ ሐረግ ነው፤ ያስወጣው ብዕሩ በአንድ እጅ ብቻ መሆኑ ነው።

አሁን መንግሥት መሬት በስፋት እየመዘገበ ካርታ ይሰጣል፤ የወገን መሬትም በወገኑ አለቃ ስም የሚመዘገብበት አለ። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፋል፤ ባል ሳይጠይቃት እንዳያከራይባት። ሲጁንጁንግ ላይ የባል ፎቶ ምንም አይጠቅምም፣ እንግዳ ነውና። እዚያ ጎን ለጎን መለጠፍ ያለባቸው ወንድምና እህት ናቸው፤ ያለ እሷ ፊርማም የሱ ፊርማ መጽናት የለበትም።