የእንቅስቃሴ ሕግ ከሊማሊሞ ይጀመር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለ ምክንያቱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማሳስበው ስለ ፊዚክስ አጀማመር ነው። ነገሩ ሳይታይ ቀመሩ ከቀደመ ልጁ በቃሉ ይይዘዋል እንጂ አያስተውለውም።

ለሰሜን ጎንደር ልጆች ምሳሌው በደጃቸው ነው። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ በሚወርደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ወደ ፊት የሚያዘነብለው አካሉ የጀመረውን ጉዞ ስለማይለቅ ነው፤ ይህ የኒውተን 1ኛ ሕግ ነው። በእኩል ፍጥነት ከሚወርዱ ሁለት መኪኖች፣ ከባዶው ይልቅ የተጫነውን ለማቆም ብዙ ኃይል ማስፈለጉ 2ኛውን ያስረዳል። የስሜን በቅሎ መሬቱን ወደ ኋላ ስትገፋ መሬቱም መልሶ ወደ ፊት ይገፋታል፤ ይህ 3ኛው ነው።

ለመጀመሪያው ትምህርት ቤተ ሙከራ እስኪሠራ መጠበቅ አያሻም፤ ዘንበል ያለ ሳንቃ፣ ብይና ድንጋይ ይበቃል። ስለዚህ መምህራን ነገሩን አስቀድመው እንዲያሳዩ፣ ቀመሩን አስከትለው እንዲጽፉ አደራ እላለሁ። ሕጉ የገባው ልጅ ለፈተናው ብቻ አይጠቀምም፤ ነገ መሪ ሲጨብጥ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ ለምን እንደሚገባ ያውቃል።

ከአንድ የጎንደር ነዋሪ